ቫርኒሹ አልደርቅ ሲል፣ ሲነጣ፣ ሲላጥ፦ መጠበቅ፣ ማሸት፣ መደረብ ወይስ መግፈፍ?

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ። ከተማው ዳር ቤት የገባ ሰው ቢያንስ አንድ ዕቃ ራሱ ሳይሠራ አይቀርም። ግቢ ወይም በረንዳ አለ። ከግንባታ የተረፈ ጣውላ አለ። አሠራሩን የሚያሳይ ቪዲዮም ሞልቷል። ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አይነቃነቅም። ጣጣው የሚጀምረው ቫርኒሹ ላይ ነው። የአንዱ ከሳምንት በኋላም እጅ ይይዛል። የሌላው ገና ሳይደርቅ ደመና ደመና ይላል። የሦስተኛው ደግሞ ጥፍር ሲነካው እየተላጠ ይነሳል።

እንዲህ ሲሆን ከጎረቤት የሚመጣው ምክር ከሁለት አያልፍም። ወይ «አንድ እጅ ድገመው»፣ ወይ «ሙልጭ አድርገህ ፋቀውና እንደገና ጀምር»። የመጀመሪያው ችግሩን ከሥር ይቀብረዋል። ሁለተኛው የቀናት ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳያስፈልግ ነው የሚሠራው። በመሀል ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ፤ መጠበቅና ማሸት። ስለዚህ አማራጩ አራት ነው። እኔ ከርካሹ ጀምሩ ባይ ነኝ፤ መግፈፍ የመጨረሻው ይሁን። ግን የተቀባው ነገር ምን እንደሆነ ሳታውቁ አንዱንም አትምረጡ።

መጀመሪያ፣ የተቀባው ምንድን ነው?

ቆርቆሮው ካለ ጽሑፉን ማንበብ ነው። ከሌለ፣ ወይም ቀለም ቤቱ በላስቲክ ጠርሙስ ቀንሶ የሸጠላችሁ ከሆነ፣ መፈተን ቀላል ነው። የማይታይ ቦታ ፈልጉ፤ የጠረጴዛው ሆድ ወይም የመሳቢያው ጀርባ ይሆናል። ጥጥ በስፒሪቶ ወይም በፋርማሲ አልኮል አርሱና ለአንድ ደቂቃ ያህል ቦታው ላይ ያዙት። ከለሰለሰና ከተጣበቀ ሼላክ ነው፤ የድሮ አናጢዎች በጨርቅ እያሹ የሚያነጥሩት። አልኮሉ ካልነካው የላኬር ቲነር ሞክሩ። ወዲያው ሟሙቶ ጥጡ ላይ ከመጣ ላኬር ነው፤ በመርጫ የሚረጨውና በደቂቃዎች የሚደርቀው። ቲነሩ ከማሟሟት ይልቅ ካሸበሸበው፣ ወይም ጭራሽ ካልነካው፣ የዘይት ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሬቴን ነው። የውሃ ጠብታ ጥላችሁ ወደ እንጨቱ ከሰረገ ደግሞ ያለው ዘይት ወይም ሰም ብቻ ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ሼላክና ላኬር በየራሳቸው ማሟሚያ ሁልጊዜም ተመልሰው ይሟሟሉ። አዲሱ እጅ አሮጌውን ትንሽ አሟሙቶ ከሱ ጋር አንድ ይሆናል። ጥገናቸው የሚቀለው ለዚህ ነው። የዘይት ቫርኒሽና ፖሊዩሬቴን ግን አንዴ ከጠነከሩ አይመለሱም። በላያቸው የሚመጣው አዲስ እጅ የሚይዘው በብርጭቆ ወረቀት የተጫረ ገጽ ካገኘ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ልዩነት የሚመጣ ነው።

መጠበቅ፦ ለሚለጠፍ ቫርኒሽ የመጀመሪያው ምርጫ

የዘይት ቫርኒሽ የሚደርቀው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ማቅጠኛው ይተናል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ሁለተኛው ደረጃ ሙቀትና የሚንቀሳቀስ አየር ይፈልጋል። ቆርቆሮው ላይ «በ24 ሰዓት ይደርቃል» የሚለው ለብ ያለ ክፍል ታስቦ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ሥራው ሊቆም ምንም አይቀረው። ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ግርጌ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ያደረ ጠረጴዛ ጠዋት ቢለጠፍ አይገርምም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ብርዱ ላይ እርጥበት ይጨመርበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን ቦታ ቀይሩለት። ቀን ፀሐይ የሚያሞቀው ክፍል ውስጥ አስገቡት። ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶች ካሉ ሁለቱንም ክፈቱ። ቬንቲሌተር ካላችሁ ከሩቅ አዙሩበት። ጠራራ ፀሐይ ላይ ግን አታውጡት፤ ላይ ላዩ ብቻ ቆዳ ይሠራና ውስጡ ለስላሳ ይቀራል። መድረቁን በሦስት መንገድ ማየት ይቻላል። አውራ ጣት ተጭናችሁ ዱካው ይቀራል ወይ? ጥፍር ጫን ስታደርጉ ይጎደጉዳል ወይ? ሦስተኛው ከሁሉ የሚታመነው ነው። ቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጋችሁ ሳቡበት። ደረቅ ነጭ ዱቄት ከወጣ ደርቋል። ወረቀቱ ላይ እየተንከባለለ ከተጣበቀ አልደረቀም።

ሞቅ ያለና ነፋሻ ቦታ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ምንም ለውጥ ከሌለው ግን መጠበቁን ተዉት። የማይደርቅበት ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። የተለመዱት እነዚህ ናቸው። ቫርኒሹ በላምባ ወይም በናፍጣ ቀጥኖ ይሆናል። ቆርቆሮው ለዓመታት ተከፍቶ የቆየ ይሆናል። ሁለት ቆርቆሮ ሆኖ የሚሸጠው ፖሊዩሬቴን ማጠንከሪያው ሳይጨመርበት ወይም ከልኩ በታች ተጨምሮበት ይሆናል፤ ይሄ ዓመት ብትጠብቁትም አይደርቅም። ወይም ደግሞ እንጨቱ ጽድ ነው። ያ ደስ የሚል ሽታ የሚመጣው ከእንጨቱ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ደግሞ የዘይት ቫርኒሽን አላደርቅ ይላል። ለጽድ መፍትሔው የለሰለሰውን አንስቶ መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ቀጭን እጅ ሼላክ መቀባት ነው። የጽድ ሳጥንና መሳቢያ ውስጡ ባይቀባ ይሻላል፤ ሽታውም ለልብስ ይጠቅማል።

ማሸት፦ ብዙ ሰው የሚዘለው አማራጭ

ከጥር ጀምሮ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ የኮረኮንች ሰፈር አቧራ ቀላል አይደለም። ሲኖትራክ ካለፈ በኋላ በረንዳው ላይ የነበረው ጠረጴዛ ፊቱ ብጉር በብጉር ነው። አብዛኛው ሰው ይሄን አይቶ ወይ ሌላ እጅ ይደርባል ወይ ይገፍፋል። ሁለቱም አያስፈልግም። አቧራው ያለው የመጨረሻው እጅ ገጽ ላይ ነው። በደንብ እስኪጠነክር ጠብቁ። ከዚያ ቁጥር 400 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት በሳሙና ውሃ እያረሳችሁ፣ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ እሹ። በመጨረሻ ትንሽ ሰም በለስላሳ ጨርቅ። ፊቱ ከማብረቅረቅ ወደ ለዘብ ያለ ገጽ ይለወጣል። በእኔ ዓይን ዋንዛ እንደዚያ ሲሆን ነው የሚያምረው፤ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ዋንዛ የእንጨቱን መልክ ይጋርዳል።

የብሩሽ መስመርም፣ በመርጫ የመጣ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ፊትም በዚሁ መንገድ ይስተካከላል። ወርዶ የደረቀ ጠብታ ግን በወረቀት አይጀመርም፤ ዙሪያውን ትጎዱታላችሁ። ጠብታው እስከ ውስጡ ይጠንክር፤ ከዚያ በአዲስ ምላጭ ጋደም አድርጋችሁ ላጩት፤ ወረቀቱ ቀጥሎ ይመጣል። ጠርዝና ማዕዘን ላይ እጃችሁ ይቅለል። ቫርኒሹ እዚያ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ወደ እንጨቱ ይዘልቃል።

የጀበና ክብ ምልክትም እዚህ ነው የሚገባው። ማቶት ሳይደረግ በቀጥታ የተቀመጠ ትኩስ ጀበና፣ ወይም ሥሩ ያላበው ብርጭቆ፣ ነጭ ክብ ይተዋል። ነጭ ከሆነ እርጥበቱ የታሰረው ቫርኒሹ ውስጥ ነው፤ እንጨቱ ደህና ነው። አዲስ ከሆነ ጥቂት ቀን ታገሡት፤ አንዳንዱ በራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ ላኬር ላይ አልኮል የነካው፣ ግን ያልራሰ ጨርቅ በፍጥነት ደጋግማችሁ አሳልፉበት፤ ሳታቆሙ። ሼላክ ከሆነ ይሄን አትሞክሩ፤ አልኮል ራሱን ሼላኩን ያሟሟዋል። ለሼላክም ለዘይት ቫርኒሽም ቫዝሊን ቀብቶ ማሳደርና በማግስቱ በነጭ የጥርስ ሳሙና ቀስ አድርጎ ማሸት ይሻላል። ዘይት ቫርኒሽ ላይ ካልለቀቀ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ላይ ለብ ያለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ማሳረፍ ይቻላል፤ እያነሳችሁ እያያችሁ። ክቡ ጥቁር ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ውሃው ቫርኒሹን አልፎ እንጨቱ ጋር ደርሷል፤ ብዙ ጊዜም የብረት ዕቃ ወይም የሚስማር ዝገት አብሮ አለ። እሱ ሳይገፈፍ አይወጣም።

መደረብ፦ ከሥር ያለው ጤነኛ ከሆነ ብቻ

ሌላ እጅ መቀባት የሚያዋጣው ከሥር ያለው ጠንካራ፣ ንጹሕና በደንብ የያዘ ሲሆን ነው። ለምሳሌ እንጨቱ ጠጥቶት ፊቱ ቦታ ቦታ የደበዘዘ ከሆነ አንድ እጅ ይበቃዋል። የተጫረ ቦታም እንዲሁ። የሚለጠፍ ነገር ላይ ግን አይደረብም። የሚላጥ ነገር ላይም አይደረብም፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አብሮ ይነሳል።

መደረብ ግሩም ሆኖ የሚሠራው ለነጣ ላኬር ነው። ይሄ በክረምት የሚበዛ ችግር ነው። ላኬሩ ሲረጭ ቲነሩ በፍጥነት ይተናል፤ ሲተን ፊቱን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ እዚያ ይቋጠራል፤ ላኬሩም እርጥበቱን ይዞ ይደርቃል። ነጭ ደመና የሚታየው ለዚህ ነው። በደረቅ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር (ሪታርደር የሚሉት) ብቻውን ወይም ከጥቂት ላኬር ጋር በስሱ ርጩበት። የነጣው ገጽ ለጊዜው ይሟሟል፣ እርጥበቱ ይወጣል፣ ፊቱም ይጠራል። ኮምፕሬሰር ከሌላችሁ ባለ መርጫ ያለውን የሰፈር ጋራዥ ወይም አናጢ ጠይቁ፤ አጭር ሥራ ነው። በዝናብ ቀን ግን እባካችሁ አታስረጩ፤ መልሶ ይነጣል።

ምን በምን ላይ ይደረባል የሚለው ብዙ ዕቃ አበላሽቷል። የዘይት ቫርኒሽ ላይ ላኬር አይረጭም። የላኬር ቲነር ኃይለኛ ስለሆነ ከሥር ያለውን አስነስቶ ያሸበሽበዋል። በተቃራኒው፣ የደረቀ ላኬር በቁጥር 320 ተጭሮ የዘይት ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሬቴን ይቀበላል። በውሃ የሚቀጥነው ቫርኒሽ የዘይቱ ላይ ሊቀባ ይችላል፤ ግን ከሥር ያለው ሳምንታት ቆይቶ ፈጽሞ የደረቀና የተጫረ ይሁን። ሁለቱን የሚያስታርቀው ሰሙ የወጣለት ሼላክ ነው። ሁሉም ላይ ይይዛል ማለት ይቻላል፤ በላዩም ሁሉም ይይዛል።

ሼላክ የሚያድነው ሌላ ችግር አለ። አንዳንዴ ስትቀቡ ቫርኒሹ ሸሽቶ ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ይተዋል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ነው። የቤት ዕቃና የመኪና ዳሽቦርድ ማብረቅረቂያ ስፕሬዮች ውስጥ ሲሊኮን የያዙ ብዙ ናቸው። ገና ሳይደርቅ ካያችሁት ወዲያው ጥረጉት። ፊቱን በንጹሕ ጨርቅና በማቅጠኛ ጨርቁን እየቀያየራችሁ አጽዱ፤ አንድ እጅ ሼላክ ቀብታችሁ ቀጥሉ። አሮጌ ቡፌ ስታድሱ ይሄን አስቀድማችሁ ጠርጥሩ።

አረፋ ደግሞ ከቆርቆሮው ይጀምራል። ቫርኒሽ አይናጥም፤ በእንጨት ቀስ ብሎ ይማሰላል። ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ጣውላ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ሲቀባም አረፋ ያወጣል፤ በእንጨቱ ቀዳዳ ያለው አየር ሲሞቅ ተገፍቶ ይወጣልና። ዋንዛ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ በዚህ ይታወቃል። የመጀመሪያውን እጅ አቅጥናችሁ ቀቡ። አረፋው ከደረቀ በኋላ በ320 ተጠርጎ አንድ እጅ ይደረብበታል፤ ያበቃል።

መግፈፍ፦ ሌላው ሁሉ ሲያቅት

ለመግፈፍ የሚያበቁት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። የሚላጥ፣ በረጅሙ የተሰነጣጠቀ፣ ወይም ፈጽሞ የማይደርቅ ነገር። ስለ መላጡ ጥርጣሬ ካላችሁ በምላጭ ትንሽ የተጠላለፉ መስመሮች አብጁ፣ ፕላስተር ለጥፉበትና ፈጠን አድርጋችሁ ንቀሉት። ቁራጮች ከፕላስተሩ ጋር ከመጡ ምርጫ የለም።

ከመግፈፋችሁ በፊት ግን ምክንያቱን ያዙት፤ አለዚያ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው እርጥብ እንጨት ነው። ከመንገድ ዳር የሚገዛው የባህር ዛፍና የፓቱላ ጣውላ ብዙ ጊዜ ከተሰነጠቀ ብዙም አልቆየም። እንጨቱ ቤት ገብቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቫርኒሹ ደግሞ አብሮት መሄድ አይችልም። መለኪያ መሣሪያ ባይኖርም ሚዛን ይበቃል። ከተመሳሳዩ ጣውላ አንድ ቁራጭ ቤት ውስጥ አስቀምጡና በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከቤቱ አየር ጋር ተስማምቷል። ሁለተኛው ምክንያት በአንዱ እጅ ቫርኒሽና በሚቀጥለው መካከል በብርጭቆ ወረቀት አለመጫር ነው። ሦስተኛው ሰም የተቀባ ፊት ላይ መቀባት።

መንገዶቹን እናወዳድር። ሼላክና ላኬር ከሆነ መግፈፊያ ኬሚካል መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ጨርቅ በስፒሪቶ ወይም በቲነር አርሶ ማልበስ፣ እንዳይተን በላስቲክ መሸፈን፣ ጥቂት ቆይቶ መጥረግ ነው። ለዘይት ቫርኒሽ ኬሚካሉ ፈጣን ነው፤ ግን ጓንት፣ መነጽርና ክፍት አየር ይፈልጋል። ስል መፋቂያ ወይም የመስኮት መስታወት ስባሪ ድካሙ ብዙ ነው፤ ወጪው የለም፤ ጠፍጣፋ የጠረጴዛ ፊት ላይ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። የብርጭቆ ወረቀት ማሽን (ሳንደር) ደግሞ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነው። ለወፍራም ጣውላ ምንም አይል። ኮምፔንሳቶ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የላይኛው ሽፋን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ትንሽ ከቆያችሁ የሥሩ ሽፋን ብቅ ይላል፣ መመለሻም የለውም። ኮምፔንሳቶ በኬሚካል ወይም በቲነር ይገፈፍ።

ከተገፈፈ በኋላ ምን ይቀባ?

እዚህ ላይ የምትኖሩበት ቦታና ወራቱ ይወስናል። ግቢያችሁ አቧራማ ከሆነና መርጫ ካገኛችሁ ላኬር ይሻላል። በደቂቃዎች ስለሚደርቅ አቧራ ለመያዝ ጊዜ የለውም። ድክመቱ ሙቀትና አልኮል ነው፤ ቡና የሚፈላበት ጠረጴዛ ላይ አላደርገውም። ለመመገቢያ ጠረጴዛና ለልጆች ዴስክ የዘይት ፖሊዩሬቴን ጠንካራው ነው። የሚደርቅበት ሰዓት ረጅም ስለሆነ ግን የተዘጋ ክፍልና ወለሉ ላይ ውሃ መርጨት ይፈልጋል። በበጋ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀቡ። በክረምት ደግሞ ሰማዩ ቢጠራም ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ አትጀምሩ።

በውሃ የሚቀጥነው ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ የተሻለ ነው። ሽታው ትንሽ ነው፣ ነጣ ያለ እንጨትንም ቢጫ አያደርግም። የመጀመሪያው እጅ የእንጨቱን ጸጉር ያቆመዋል፤ በ320 ጠርጉትና ቀጥሉ። ሼላክ ለሥዕል ፍሬምና ለጌጥ ሳጥን እንጂ ውሃ ለሚነካው አይሆንም። ዘይት (የተልባም ሆነ ሌላ የሚደርቅ ዘይት) ከሁሉም ቀላል ነው። አይላጥም፣ አረፋ የለውም፣ የተጫረው ቦታ ብቻ ተለይቶ ይጠገናል። መከላከሉ ግን ትንሽ ነው። ለመደርደሪያና ለአልጋ ጥሩ ነው፤ ለረከቦት አይበቃም። ውጭ ለሚውል አግዳሚ ወንበር ፀሐይ የሚከላከል የውጭ ቫርኒሽ ካልሆነ የቤት ውስጡን አትሞክሩ። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ በአንድ በጋ ይበጣጠሳል።

የትኛውንም ብትመርጡ ሁለት ነገር ለድርድር አይቀርብም። የቲነርና የላኬር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየሄደ እሳት ይፈልጋል። በዚያው ቤት፣ በዚያው ደረጃ ወይም በአጠገብ ባለው በረንዳ የከሰል ምድጃ፣ ሻማ ወይም ቡታጋዝ አይነድ። ጎረቤት ቡና ልታፈላ ከሆነ ሥራው ይቆይ። ሁለተኛው በተልባ ዘይት ወይም በዘይት ቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ነው። ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ የሚወጣው ሙቀት ይከማችና ማንም ሳይለኩሰው ሊቀጣጠል ይችላል። አንድ በአንድ ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ሲደርቅ ጣሉት። ገመድ ከሌለ ውሃ በሞላው ቆርቆሮ ውስጥ ነክራችሁ ክዳኑን ግጠሙ።